ባናውና መጋረጃው፤ ልዩ ልዩ ጥለትን በአንድ ቤት ውስጥ ስለ ማስማማት

ቤት የሰው ሁለተኛ ልብሱ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሰው ወደ አደባባይ ሲወጣ ነጠላው ከቀሚሱ፣ ጥለቱም ከጥለቱ የተስማማ መሆኑን ተመልክቶ ይወጣል፤ ቤቱን ባሰናዳ ጊዜ ግን ይህን ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። መጋረጃው ከአንድ ሱቅ፣ ምንጣፉ ከሌላ ሱቅ፣ ብርድ ልብሱ ከሠርግ ስጦታ፣ ትራሱ ከእናት ቤት ይመጣና ሁሉም በአንድ ክፍል ሲገናኙ፣ እንዳልተዋወቁ እንግዶች ተኮራርፈው ይቀመጣሉ። የቤቱ እመቤትም ዕቃው ሁሉ ለየራሱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ቤቱ ስለ ምን እንዳላማረ ማወቅ ይቸግራታል።

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፣ ልዩ ልዩ ጥለትና ቀለም ያላቸውን ዕቃዎች በአንድ ቤት ውስጥ አስማምቶ ስለ ማኖር ጥቂት ቃል እንናገራለን። ለምሳሌ የመረጥነው አገር መንዝ፣ ከተማውም መሐል ሜዳ ነው። ይህን አገር የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ መንዝ ከበግ ጠጉር በሚሠራው ባናው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ዛሬ በዚያ አገር የሣር ክዳኑ ቤትና የቆርቆሮው ቤት ጎን ለጎን ቆመው ስለሚታዩ፣ አሮጌውን ጥለት ከአዲሱ የማስማማት ጥያቄ በየደጁ የሚገኝ ስለሆነ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን የደረሰ መንገደኛ፣ ወደ ጣርማ በር ወጥቶ፣ ከዚያም በመዘዞና በሞላሌ በኩል ጉዞውን ቢቀጥል መሐል ሜዳ ይደርሳል። መንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የሚከፈል አገር ሲሆን፣ መሐል ሜዳ የጌራ ምድር ከተማ ናት። ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ነው። አገሩ ደጋ ስለሆነ ዋናው እህሉ ገብስ፣ ዋናው ከብቱም በግ ነው። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በተለይም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል። ስለዚህ በዚህ አገር የሞቀ ልብስና የሞቀ መኝታ ጌጥ ከመሆኑ አስቀድሞ ለነፍስ ማቆያ የሚያስፈልግ ነገር ነው።

የመንዝ በግ ሰውነቱ አነስተኛ፣ ላቱ ወፍራም፣ ጠጉሩም ሻካራ ነው፤ ነገር ግን ብርዱን የሚችል፣ በጥቂት ግጦሽም የሚኖር ጽኑ በግ ነው። መልኩ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭ ወይም የተቀላቀለ ይሆናል። በጉ ተሸልቶ ጠጉሩ ከጸዳ በኋላ በደጋን ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ወንድም ድርና ማግ አድርጎ ይሠራዋል። የሸማኔው ዕቃ ጠባብ ስለሆነ፣ ሰፊው ባና የሚገኘው ተሠርቶ የወጣው ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው። ከዚህም ጠጉር ለመኝታና ለመደረቢያ የሚሆነው ባናና ዝተት፣ በትከሻም ላይ የሚጣለው በርኖስ ይወጣል።

ከዚህ ሥራ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅም አንድ ነገር እናገኛለን። የቀደመው ባና ቀለሙ በድስት የተነከረ አይደለም፤ የበጉ የራሱ መልክ ነው። ሸማኔው ጥቁሩን ከነጩ፣ ቡናማውን ከግራጫው እያፈራረቀ መስመር ሲያወጣ፣ ቀለሞቹ ሁሉ የአንድ መንጋ ልጆች ስለሆኑ እርስ በርሳቸው አይጣሉም። መስመሩ ሰፊም ሆነ ጠባብ፣ ዓይን በላዩ ላይ ሲሄድ አይደናቀፍም። የማስማማትን ትምህርት ለመጀመር እንግዲህ ከቤታችን የራቀ አስተማሪ መፈለግ አያስፈልገንም።

የቀድሞው የመንዝ ቤት ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር ነው። ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር የሚታጨደው ከመሐል ሜዳ ብዙ ከማይርቀው ከጓሳ ሜዳ ሲሆን፣ የአገሩ ሰው ይህን ሥፍራ ቀሮ በሚባል ሥርዓት እየጠበቀና በየጊዜው እየከፈተ ለብዙ ዘመን ተጠቅሞበታል፤ ዛሬም በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ሥፍራ ነው። በቤቱ ውስጥ መደብ አለ፤ በመደቡ ላይ ቁርበት ይነጠፋል፤ በቁርበቱ ላይ አጎዛ፣ በአጎዛው ላይ ባና ይደረባል። በጓዳው በኩል ጎታው ቆሟል። ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው፤ ከዚያ የሚቀረው የምድጃው ነበልባል ነው።

በዚህ ቤት ውስጥ የሚታየውን ቀለም ብንቈጥር፣ የድንጋይ፣ የጭቃ፣ የቆዳ፣ የሣርና የበግ ጠጉር መልክ ብቻ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ ደምቆ የሚታየው አንድ ዕቃ ነው፤ እርሱም መሶቡ ነው። እመቤቲቱ ስንደዶውን በቀለም በነከረችው አክርማ ጠቅልላ፣ ቀዩን ከአረንጓዴው፣ ቢጫውን ከሐምራዊው አሰናስላ የሰፋችው መሶብ፣ በዚያ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ እንደ ንግሥት ይቀመጣል። ጎረቤቶቹ ሁሉ ትሑታን ስለሆኑ ውበቱ ይጐላል። ይህ አሠራር በትምህርት ቤት የተማሩት ሳይሆን ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው፤ ነገር ግን የቤት ጌጥ አዋቂዎች ሁሉ የሚስማሙበት ደንብ በውስጡ አለ።

አሁን ወደ አዲሱ ቤት እንግባ። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ግድግዳው ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል። መስኮት ስላለው ብርሃን እንደ ልብ ይገባል። ወለሉ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ሥዕል ያለው ፕላስቲክ ተነጥፏል፤ ሶፋው ባለ አበባ ነው፤ መጋረጃውም ሌላ ዓይነት አበባ አለው፤ በሶፋው መደገፊያና በቴሌቪዥኑ ላይ በኪሮሽ የተሠራ ዳንቴል ተዘርግቷል፤ በአልጋው ላይ ነብር ወይም አንበሳ የታተመበት የፋብሪካ ብርድ ልብስ አለ። ከዚህ ሁሉ መካከል አያት የሰጠችው ባና ሲመጣ ቦታ ያጣል። «ይህስ ከቤቱ ጋር አይሄድም» ይባልና ወደ ጓዳ ይገባል፤ ከጓዳም ወደ ዕቃ መሸፈኛነት ይወርዳል፤ በመጨረሻም ብል በልቶት ይገኛል።

እኛ ግን ፍርዱ የተገላቢጦሽ መሆኑን ማሳሰብ እንወዳለን። ባናው ከቤቱ ጋር ያልሄደው መልከ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አዲሶቹ ዕቃዎች እርስ በርሳቸው ሳይስማሙ አስቀድመው ቤቱን ስለ ሞሉት ነው። በእነርሱ ጠብ መካከል ዝም ያለው ባና ጥፋተኛ ሆኖ ተባረረ።

ነገሩም የውበት ብቻ አይደለም። ባና ከቤት ሲወጣ ከሱ ጋር የሚወጣ ብዙ ነገር አለ። እንዝርት ይዛ የምትፈትለው ሴት ገቢ ትቀንሳለች፤ ሸማኔውም እጁን ያጥፋል፤ ልጁም አባቱን አይቶ ሙያውን አይቀበልም። የባና ተወዳዳሪ ትናንት የመጣ አይደለም፤ በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተቋቋመ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። የፋብሪካውም ሥራ ለብዙ ሰው ሙቀትና እንጀራ የሰጠ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። የምንለው፣ አዲሱ ሲገባ አሮጌው መውጣት ግዴታው አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ቤት ሊኖሩ ይችላሉ ነው። የሚኖሩበትንም መንገድ ከዚህ ቀጥለን በየተራ እንዘረዝራለን።

አንደኛ፤ ለአንድ ክፍል አንድ ዋና ጥለት ይበቃዋል። በአንድ ጉባኤ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ቢናገር የሚሰማ እንደሌለ፣ በአንድ ክፍልም ሁሉ ዕቃ ቢደምቅ የሚታይ የለም። ስለዚህ እመቤቲቱ ወደ ክፍሉ ገብታ «እንግዳ በሩን ሲያልፍ አስቀድሞ እንዲያየው የምወደው የትኛውን ነው?» ብላ ራሷን ትጠይቅ። መልሱ ባናው ከሆነ መጋረጃውና ምንጣፉ ዝቅ ይበሉ፤ መልሱ መጋረጃው ከሆነ ደግሞ ባናው ታጥፎ ጠርዙ ብቻ ይታይ። ማጠፍ ታላቅ ብልሃት ነው። ሙሉውን ቢዘረጋ ክፍሉን የሚያስጨንቅ ባለ መስመር ባና፣ በሦስት ታጥፎ በሶፋው ክንድ ላይ ቢደረግ እንደ ነጠላ ጥለት ሆኖ ቤቱን ያስጌጣል።

ሁለተኛ፤ ጥለቱ ቢለያይ አገናኝ ቀለም ይኑር። አበባና መስመር፣ መስመርና አራት ማዕዘን የሚዋደዱት በመካከላቸው አንድ የጋራ ቀለም ሲኖር ነው። ባናው ቡናማ፣ ነጭና ጥቁር ከሆነ፣ ከሦስቱ አንዱ በመጋረጃው ውስጥ ይገኝ፤ ያው ቀለም ደግሞ በትራሱ ልብስ ወይም በወለሉ ላይ ይደገም። አንድ ቀለም በክፍሉ ውስጥ በሦስት ቦታ ከታየ፣ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ሁሉን እንደ ዘመዳሞች ይቈጥራቸዋል። በአንድ ቦታ ብቻ የታየ ቀለም ግን እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛ፤ የጥለቱ መጠን ይለያይ። እኩል ትልቅ የሆኑ ሁለት አበቦች በአንድ ክፍል ሲገናኙ ይጋፋሉ። ትልቅ አበባ ያለው መጋረጃ የሰቀለ ሰው፣ ለትራሱ ደቃቅ ነጠብጣብ ወይም ቀጭን መስመር ይምረጥ። ደቃቅ ጥለት ከሩቅ ሲያዩት እንደ ሜዳ ጨርቅ ስለሚመስል ከማንም ጋር አይጣላም፤ ቀርበው ሲያዩት ደግሞ ውበቱን ይገልጣል። ባለ መስመር ከባለ መስመር ጋር መኖር ይችላል፤ ነገር ግን የአንዱ መስመር ሰፊ፣ የሌላው ቀጭን ይሁን። ይህን ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። በሩ ላይ ቆሞ ዓይንን ጨፈን አድርጎ ወደ ውስጥ መመልከት ነው። ያን ጊዜ ሁለት ነገሮች እኩል ሆነው ወደ ፊት የሚመጡ ከሆነ አንዱ ይነሣ።

አራተኛ፤ ለዓይን ማረፊያ ይተው። ይህን ደንብ አባቶቻችን ከማንም ሳይማሩ ያውቁታል። ነጠላን እንመልከት፤ ሰፊው ሜዳ ነጭ ነው፤ ጥለቱ በጠርዙ ላይ ብቻ ይወርዳል። ሸማኔው ነጠላውን ሁሉ በጥለት ቢሞላው ኖሮ ጥለቱ ባልታየም ነበር። በብራና መጻሕፍትም ላይ ሐረግ የሚሥለው ጸሐፊ ቀለማቱን እርስ በርስ እያጠላለፈ በገጹ ራስና በጠርዙ ላይ ያወርደዋል፤ የጽሑፉን ቦታ ግን አይነካውም። ጥለት በጠርዝ፣ ሜዳ በመካከል የሚለው የአገራችን ልማድ ለቤትም ይሠራል። ግድግዳው ሥዕል የሌለበት አንድ ቀለም ይሁን፤ ካለው ግድግዳ ቢያንስ አንዱ ምንም ሳይሰቀልበት ይቅር። መጋረጃ የምትገዛ ሴት ባለ አበባው ቢወደድባት ተራ አቡጀዲ ገዝታ፣ ከሸማኔ የወሰደችውን ጠባብ ጥለት በታችኛው ጠርዝ ላይ ብትሰፋበት፣ በጥቂት ገንዘብ የሚያኰራ መጋረጃ ይኖራታል።

አምስተኛ፤ የቀለም ጎረቤት ይመረጥ። በዚህ ነገር ከፈረንሳይ አገር የተገኘ አንድ ታሪክ አለ። ሚሼል ኤዤን ሼቭረል የሚባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ በፓሪስ ከተማ በጎብላን የምንጣፍና የግድግዳ መጋረጃ ፋብሪካ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1824 የቀለም ነከራ ሥራ ኀላፊ ሆነው ተሾሙ። በዚያም ሳሉ «የፋብሪካው ጥቁር ቀለም ደካማ ነው» የሚል ክስ ይቀርብ ነበር። ሊቁ ቀለሙን መርምረው ጉድለት አላገኙበትም። ከዚህ በኋላ ነገሩን በብዙ ሲያጠኑ፣ ጥቁሩ የደከመ መስሎ የታየው በሰማያዊና በሐምራዊ አጠገብ ስለ ተሠራ መሆኑን ተረዱ። አንድ ቀለም በዓይናችን የሚታየው እንደ ጎረቤቱ ነው ማለት ነው። ይህንንም ትምህርታቸውን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1839 በመጽሐፍ አሳተሙት።

የፓሪሱ ትምህርት ለመሐል ሜዳ ቤትም ይጠቅማል። ጥቁር ባና በጠቆረ ሰማያዊ መጋረጃ አጠገብ ቢደረግ የደበዘዘና ያረጀ ይመስላል፤ ያው ባና በነጭ ወይም የገለባ መልክ ባለው ነገር አጠገብ ሲሆን ግን ጥቁርነቱ ይጠነክራል። ቀይና አረንጓዴም ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያደምቃል። ስለዚህ ቀይ የበዛበትን መሶብ በደማቅ አረንጓዴ ግድግዳ አጠገብ ያስቀመጠች እመቤት ዓይንን የሚወጋ ድምቀት ታገኛለች፤ ነጭ ወይም ክሬም ግድግዳ አጠገብ ያስቀመጠችው ግን የስፌቷን ሙያ በግልጥ ታሳያለች። እንግዲህ አንድ ዕቃ አላማረም ብሎ ከመጣል በፊት ቦታውን መለወጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የጎረቤቱ ነው።

ስድስተኛ፤ የብርሃኑ ነገር ይታሰብ። የሣር ክዳኑ ቤት ጨለም ያለ ስለሆነ ደማቁን መሶብ ይችለዋል፤ እንዲያውም ይፈልገዋል። የመስኮቱ ብርሃን የሚያጥለቀልቀው አዲስ ቤት ግን ሁሉን ነገር አጉልቶ ስለሚያሳይ በውስጡ የሚገባው ጥለት ቁጥሩ ይነስ። ደግሞም ጨርቅ በሱቅ ውስጥ ሲታይና በቤት ሲታይ አንድ አይደለም። ቢጫ ብርሃን በሚሰጥ አምፖል ሥር ቡናማና ቀይ ሞቅ ይላሉ፤ ሰማያዊ ግን ይጨልማል። መጋረጃ ለመግዛት የሚሄድ ሰው ከባናው ላይ የወደቀ ጥቂት ጠጉር ወይም ክር ይዞ ሄዶ ከጨርቁ ጋር ቢያስተያይ፣ የቻለም እንደሆነ ከሱቁ ደጃፍ ወጥቶ በፀሐይ ብርሃን ቢመለከት፣ ከብዙ ጸጸት ይድናል።

ደንቡን ከዘረዘርን በኋላ በአንድ ክፍል ላይ እንሞክረው። ወርዱ አራት ሜትር፣ ርዝመቱ አምስት ሜትር የሆነ የእንግዳ መቀበያ እናስብ። በውስጡ ባለ መስመር ባና፣ ቀይ አበባ ያለው መጋረጃ፣ ባለ አራት ማዕዘን ፕላስቲክ፣ ነጭ ዳንቴልና መሶብ አሉ። ከሶፋው አበባ ጋር ስድስት ጥለት መሆኑ ነው። አዲስ ዕቃ ለመግዛት ገንዘብ የለም እንበል።

አስቀድመን ዳንቴሉን ከባናው ላይ እናንሣ። ዳንቴል ቀዳዳው ደቃቅ ስለሆነ የሚያምረው ሜዳ በሆነ ነገር ላይ፣ በተለይም በጠቆረ እንጨት ላይ ነው፤ ስለዚህ ወደ ጠረጴዛው ይሂድ። ቀጥሎ ባናው በሶፋው መቀመጫ ላይ ይዘርጋ፤ የሶፋው አበባ ይሸፈናልና አንዱ ጠብ በዚህ በረደ። ከሶፋው ላይ ያሉት ትራሶች ነጭ ወይም ቡናማ ልብስ ይልበሱ፤ ይህም ከአሮጌ አንሶላ ሊሰፋ ይችላል። የፕላስቲኩ አራት ማዕዘን ጎልቶ የሚያስቸግር ከሆነ ጠረጴዛው በመካከሉ ይቁም፤ የሚታየው ጥቂቱ ብቻ ይሆናል። ቀይ አበባ ያለው መጋረጃ ቀዩን ከመሶቡ ጋር ስለሚጋራ ዘመድ አለው፤ ነገር ግን ከመሶቡ ጎን አይሁን፤ መሶቡ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ግድግዳ አጠገብ ይቀመጥ። ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላ አንድ ሳንቲም ሳናወጣ ክፍሉ ሌላ ክፍል ይሆናል። ባናው ዋና ሆነ፤ ቀዩ በሁለት ማዕዘን ተገናኘ፤ ነጩ በትራሱ፣ በዳንቴሉና በባናው መስመር ተደገመ፤ ዓይንም ማረፊያ አገኘ።

ወደ መኝታ ቤት ብንገባ ደግሞ አንበሳ የታተመበት ብርድ ልብስ ይጠብቀናል። ባለ ሥዕል ብርድ ልብስ ብቻውን ሊታይ የሚወድ ነው፤ ከሥሩ ባለ አበባ አንሶላ፣ ከራሱ ባለ አበባ ትራስ ቢገጥመው ሁሉም ይጠፋል። አንሶላውና የትራሱ ልብስ አንድ ቀለም ይሁኑ፤ ባናውም ታጥፎ በግርጌ ይቀመጥ። ሌሊት ውርጩ ሲበረታ ማን ከላይ እንደሚደረብ ብርዱ ራሱ ይፈርዳል።

በዚህ ላይ ለቤተ ሰብ ደኅንነት አንድ ምክር እንጨምራለን። የበግ ጠጉር እሳት ቶሎ አይዘውም፤ ቢይዘውም ነበልባሉ ብዙ ጊዜ እንደ ሌላው ጨርቅ አይፋጠንም። ከፕላስቲክ ዘር የተሠራ ብርድ ልብስና መጋረጃ ግን በእሳት ጊዜ ይቀልጣል፤ የቀለጠውም ከሰው ገላ ላይ ይጣበቃል። ምድጃ ወይም የከሰል ማንደጃ ባለበት ክፍል ለልጆች የሚደረበው ባና፣ ለጌጥ የሚሆነው የፋብሪካው ቢሆን የተሻለ ነው። መጋረጃውም ከምድጃው ይራቅ።

ባናም ጥበቃ ይፈልጋል። ጠላቱ ብል ነው፤ ብልም የሚራባው በጨለማ ውስጥ ሳይነካ በተቀመጠ ልብስ ላይ ነው። ስለዚህ ባና በጓዳ ከሚደበቅ በየቀኑ በሚታይበት ቦታ መኖሩ ለራሱም ሕይወት ነው። በየጊዜው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይራገፍ። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ቀስ ተብሎ ተጨምቆ ይታጠብ እንጂ በፈላ ውሃ አይታሽ፤ ሙቀትና መታሸት የበግ ጠጉርን አኰማትሮ ያጠብቀዋልና።

አንዳንድ ሰዎች «ይህን ሁሉ ድካም ለምን? መጋረጃውን፣ ሶፋውንና ምንጣፉን አንድ ዓይነት አድርጎ መግዛት ይሻላል» ይላሉ። ገንዘብ ያለው ሰው እንዲህ ቢያደርግ የሚከለክለው የለም፤ ሥራውም ይቀልለዋል። ነገር ግን ሁሉ ነገሩ በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የወጣ ቤት የባለቤቶቹን ታሪክ አይናገርም። እንግዳ ገብቶ «ይህን ማን ሠራው? ይህስ ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅበት ነገር አያገኝም። አያት የፈተለችው ባና፣ እናት የሰፋችው መሶብ፣ ልጅ በኪሮሽ የሠራችው ዳንቴልና ባል ከደብረ ብርሃን ያመጣው ሥጋጃ በአንድ ክፍል ተስማምተው ሲታዩ ግን ቤቱ የሦስት ትውልድ ሥራ መሆኑ ያለ ተናጋሪ ይታወቃል።

በዚህም ሥራ ባልና ሚስት አብረው መምከር ይገባቸዋል። ጥለት መምረጥ የሴት ብቻ ነገር ነው የሚል ባል፣ የባናውን መስመር ያፈራረቀው ሸማኔ ወንድ መሆኑን ያስታውስ። ሽማግሌ እናት ወይም አማት በቤቱ ውስጥ ያሉም እንደሆነ ስለ ዕቃቸው ይጠየቁ እንጂ ሳይጠየቁ ዕቃቸው ወደ ጓዳ አይወርወር። የአንዲት እናት የእጅ ሥራ ከእንግዳ ፊት ሲነሣ፣ የተነሣው ጨርቁ ብቻ መስሎ ለልጆች ይታያል፤ እርስዋ ግን የምታዝነው ለጨርቁ አይደለም።

በአገራችን አዲስ ቤት የገባን ሰው «ቤት ለእንቦሳ» ብለን እንመርቀዋለን፤ እርሱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ምርቃቱ ቤቱ ልጅና ሀብት የሚበዛበት እንዲሆን ነው። በመሐል ሜዳም ሆነ በሌላ ከተማ አዲስ ቤት የምትገቡ አንባቢዎቻችን፣ ቆርቆሮውን ከመታችሁና ግድግዳውን ከቀባችሁ በኋላ ወደ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ጓዳችሁን ክፈቱ። በዚያ ታጥፎ የተቀመጠ ባና ካለ አውጡት፤ ፀሐይ ላይ አራግፉት፤ በክፍሉም መካከል ዘርግታችሁ ቀለሙን ተመልከቱ። መጋረጃውን ለእርሱ ምረጡለት እንጂ እርሱን ለመጋረጃው ብላችሁ አታባርሩት። እንዲህ ያደረገ ሰው ገንዘቡን ያተርፋል፤ ቤቱን ያሳምራል፤ በሩቅ ደጋ እንዝርት የምታሾረውን ሴትም ሥራ እንዳትፈታ ይረዳታል።